መዓዛው ስለጣመ ንጹሕ አይደለም፤ የመዋቢያ ቅባትና የረቂቅ ተሕዋስያን ታሪክ



በየቤታችን መስተዋት ባለበት ሥፍራ ብዙ ዓይነት ብልቃጥ ተደርድሮ ይታያል። የፊት ክሬም፥ የእጅ ሎሽን፥ የሕፃን ፓውደር፥ ኩል፥ ማስካራ፥ ሻምፑ፥ የፀጉር ቅባት፤ ሁሉም መልካም መዓዛ አላቸው፤ ሁሉም ባማረ ዕቃ ተሞልተው ይሸጣሉ። የሰው ልጅም ከጥንት ጀምሮ መዓዛው የጣመውን ነገር ንጹሕ ነው፥ የከረፋውን ነገር የተበላሸ ነው ብሎ መፍረድ ልማዱ ነው። ይህ ፍርድ ለሥጋና ለወተት አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ለቅባት ብልቃጥ ግን አይሠራም፤ አንድ ግራም ክሬም ሚሊዮን ባክቴሪያ ተሸክሞ፥ መልኩም ሽታውም ሳይለወጥ፥ በመስተዋቱ ፊት ሊቀመጥ ይችላልና።

ይህ ነገር እንዴት እንደ ታወቀ ነው የዛሬው ንግግራችን። በሬዲዮ ሲነገር ስሙንና ዓመቱን ለመጻፍ ላልደረሰላችሁ፥ እነሆ በጋዜጣ ቀርቧል። ለየት አድርጌ ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ። ከታሪኩ ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም በብልቃጡ ውስጥ አደጋ መኖሩን በመጀመሪያ ያወቀው አብዛኛውን ጊዜ ቅባቱን የሠራው ፋብሪካ አለመሆኑ ነው። ያወቀው በታማሚው አልጋ አጠገብ የቆመው ሐኪም ነው፤ ያወቀውም ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን የነበሩ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ቁስል የታሰረበት ጨርቅ አንዳንድ ጊዜ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም እንደሚይዝ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም ነበር። በ1882 ዓ.ም. ካርል ዤሳር የተባለ ፈረንሳዊ የመድኃኒት ባለሙያ ይህን ቀለም የሚያወጣውን ባክቴሪያ ለይቶ አገኘው። ዛሬ ሊቃውንት ፕስዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ብለው ይጠሩታል፤ ሁለተኛው ስሙ የመዳብ ዝገት ከሚያሳየው አረንጓዴ ቀለም የተወሰደ ነው። ስሙ ለምላስ ስለሚከብድ እኛ በዚህ ጽሑፍ አረንጓዴው ባክቴሪያ እንበለው።

የዚህ ፍጥረት ጠባይ የሚያስገርም ነው። ምግብ አይመርጥም፤ እርጥበት ካገኘ ይበቃዋል። በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ፋቬሮና ባልደረቦቹ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፥ ከሐኪም ቤት በተወሰደ በተጣራ ውሃ ውስጥ እንኳ ይህ ባክቴሪያ ሲራባ ታይቷል። በተጣራ ውሃ የሚራባ ፍጥረት በክሬም ውስጥ ምን ያህል እንደሚደላው አንባቢ ሊገምት ይችላል። ክሬም ማለት ከሞላ ጎደል ውሃና ዘይት እንዳይለያዩ ሆነው የተዋሐዱበት ነገር ነው፤ በዚያ ላይ የዕፀዋት ጭማቂ፥ ማር፥ የወተት ፍሬ ነገር ይጨመርበታል። ለእኛ ቆዳ ማለስለሻ የሆነው ለእርሱ ማዕድ ነው።

ታዲያ ለምን ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ጤናማና ያልተላጠ ቆዳ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ክሬም ቢቀባ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ቆዳችን ጠንካራ ግንብ ነው። አደጋው የሚመጣው ግንቡ በፈረሰበት በኩል ነው፤ በተቃጠለ ወይም በቆሰለ ሰው ላይ፥ እትብቱ ገና ባልደረቀ ሕፃን ላይ፥ ዓይኑ በተጫረ ሰው ላይ፥ በጽኑ ታሞ በተኛ ሰው ላይ። ሺህ ሰው ተቀብቶ ደኅና ሲሆን አንዱ ይጎዳል፤ ያ አንዱም የተጎዳው በክሬሙ መሆኑን የሚጠረጥር አይገኝም።

እርጥበት ለሌለው ነገርም ቢሆን ስጋቱ አይቀርም። በኒውዚላንድ የሆነው ይህን ያስረዳል። ፓውደር የሚሠራበት ታልክ የሚባለው ነገር ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፥ ተፈጭቶና ተነፍቶ እንደ ዱቄት የሚልም ድንጋይ ነው። መሬት ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ (የቴታነስ) በሽታ መኖሪያ ናት። ይህን በ1884 ዓ.ም. አርቱር ኒኮላየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አፈር ወስዶ በእንስሳት ቆዳ ሥር በመጨመርና በሽታውን በማስነሣት አሳይቶ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1889 ዓ.ም. ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በበርሊን በታላቁ ሊቅ በኮህ ቤተ ሙከራ ባክቴሪያውን ለብቻው አሳደገው። ይህ ባክቴሪያ ሁኔታው ሳይመቸው ሲቀር ጠንካራ ልባስ ለብሶ እንደ ዘር ይደርቃል፤ በደረቅ ዱቄት ውስጥም ዓመታት ተኝቶ ይቆያል።

እንግዲህ በኒውዚላንድ የአራስ ሕፃናትን እትብት ለማድረቅ ፓውደር መነስነስ የተለመደ ነበር። እናት ወይም አዋላጅ ለልጁ ተጠንቅቃ የምታደርገው ነው። በ1946 ዓ.ም. በአገሪቱ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ ግን እጅግ የሚያሳዝን ነገር ይዞ ቀረበ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ይዟቸው የሞቱ ሕፃናት በሽታው የገባባቸው ከተነሰነሰላቸው ፓውደር ነበር። የሕፃኑ እትብት በንጹሕ መሣሪያ ተቆርጧል፤ እጅ ታጥቧል፤ አፈር ግን ከመሬት ተነሥቶ፥ በፋብሪካ አልፎ፥ ሽቶ ተቀብቶ፥ ቁስሉ ድረስ መጥቷል። ለዚህ ዓይነቱ ፓውደር ከመሸጡ በፊት ባክቴሪያውን የሚገድል ሙቀት ወይም ጋዝ እንደሚያስፈልገው ትምህርት የተገኘው በሕፃናቱ ሞት ነው።

ይህን ስናነብ ሩቅ አገር የተደረገ ነገር ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። በአንዳንድ የሀገራችን ክፍሎች በአራስ ሕፃን እትብት ላይ ቅቤ የመቀባት ልማድ መኖሩን የሕክምና ጥናቶች መዝግበውታል። የቅቤው አሳብ የፓውደሩ አሳብ ነው፤ ልጁን ማለስለስ፥ ቁስሉን ማዳን። በሽታው የሚገባበትም በር ያው ነው። በእናቶች ክትባትና በንጹሕ አዋላጅነት ብርታት ግን ኢትዮጵያ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ወር የእናቶችና የአራስ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን መወገዱ ተረጋግጦላታል። ይህም ማለት በየወረዳው ከሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት በበሽታው የሚያዘው ከአንድ በታች ሆኗል ማለት ነው። ባክቴሪያው ከአፈራችን አልወጣም፤ ከእርሱ ጋር እየኖርን በሩን ዘጋንበት እንጂ።

ከኒውዚላንድ ሐዘን በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ነገሩ እንደ ተራ አደጋ ተቆጥሮ ተቀመጠ። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንደምናውቀው ማንም ያልጠየቀው ጉዳይ መዝገብ አይከፈትለትም። መዝገቡን የከፈተችው ስዊድን ናት። በ1960ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር የእንቅርት ዕጢ መድኃኒት የሆነ እንክብል የዋጡ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ሳልሞኔላ በሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ታመሙ። እንክብሉ ከእንስሳት ዕጢ ተቀምሞ የሚሠራ ስለነበረ ባክቴሪያው አብሮ ገብቶበት ኖሯል። በዚያው ዘመን ደግሞ የዓይን ቅባት አረንጓዴውን ባክቴሪያ ይዞ ተገኝቶ ታማሚዎችን ጎዳ። መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምሩ ላርስ ኡሎፍ ካሊንግስንና ባልደረቦቻቸውን አዘዘ፤ እነርሱም በ1966 ዓ.ም. ያወጡት ዘገባ በዓለም ያሉትን የመድኃኒት ባለሥልጣናት ሁሉ አስደነገጠ። የሚዋጠውና የሚቀባው መድኃኒት፥ በመርፌ እንደሚሰጠው ሁሉ፥ ስንት ባክቴሪያ እንደያዘ ሊቆጠር ይገባዋል የሚለው አሳብ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚሁ ዓመት በለንደን ኖብልና ሳቪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለቆዳ በሽታ የሚታዘዝ ክሬም ራሱ አረንጓዴውን ባክቴሪያ ተሸክሞ ታማሚ ቆዳ ላይ ማረፉን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ገለጹ።

ከዚህ ሁሉ ግን ለእኔ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ የተገለጸው የእጅ ክሬም ነገር ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት፥ ማለት በ1847 ዓ.ም.፥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በቪየና የወላዶች ክፍል ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዝዞ ብዙ እናቶችን ከሞት አድኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ እጅ መታጠብ የሕክምና ሥራ መጀመሪያ ሆነ። በቀን ብዙ ጊዜ በሳሙና የሚታጠብ እጅ ግን ይደርቃል፤ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ በሐኪም ቤቱ የእጅ ክሬም ተቀመጠ፤ ነርሶቹም እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ከዚያ እየቀዱ ይቀቡ ነበር።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎች ክሌብሲየላ በሚባል ባክቴሪያ ደማቸው ሲመረዝ፥ ሌናርድ ሞርስና ባልደረቦቻቸው ምንጩን ፍለጋ ወጡ። ያገኙትም በክሬሙ መቅጃ ውስጥ ነው። እስኪ አስቡት፤ ነርሲቱ የታዘዘችውን ሁሉ ፈጽማለች፤ ውሃውም ሳሙናውም ሥራውን ሠርቷል፤ እጇም ለአንድ አፍታ ንጹሕ ሆኗል። ከዚያ በኋላ በክሬሙ በኩል ባክቴሪያውን ተቀብላ ወደ ታማሚው ሄዳለች። ጥፋቱን በነርሲቱ ላይ ማሳረፍ በደል ነው። ሞርስ ይህን በመጽሔት ባወጡ በዓመቱ ሌሎች የእጅ ሎሽኖችንም መርምረው ስጋቱ የአንድ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን አስታወቁ።

በዚህ ጊዜ ጥያቄው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ሱቅ ገባ። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራ ከ250 ያህል መዋቢያዎች ሩብ የሚሆኑት ረቂቅ ተሕዋስያን እንደያዙ አሳየ። ፋብሪካዎቹም ደነገጡ። ውሃቸውን፥ ቧንቧቸውን፥ መቀላቀያ ጋናቸውን መመርመር ጀመሩ፤ ብዙዎቹም ጥፋቱ በአንድ ሌሊት በረጋ ውሃ፥ ባልታጠበ ቱቦ መታጠፊያ ውስጥ ተደብቆ አገኙት። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ምርመራ ሲደረግ የተበከለው ከመቶ 5 በታች ወርዶ ተገኘ። ይህ የሚያሳየው ነገሩ ከባድ ጥበብ የሚጠይቅ አለመሆኑን ነው፤ የጎደለው የሚቆጥር ሰው ነበር። ሕጉማ አስቀድሞ ነበረ፤ በ1938 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ የተበላሸ መዋቢያ መሸጥን ከልክሏል። ነገር ግን በመዋቢያ ሰበብ ከባድ ጉዳት መድረሱ ሲነገረው አምራቹ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ለመንግሥት እንዲያስታውቅ የሚያስገድደው ሕግ የጸደቀው በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በሁለቱ መካከል ሰማንያ አራት ዓመት አለ።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ማስካራ በቀድሞው ዘመን እንደ ሳሙና የደረቀ ቁራጭ ነበር፤ ሴቶች ብሩሹን በውሃ፥ ውሃ ከሌለም በምራቅ አርሰው ከቁራጩ ላይ እያሹ ሽፋሽፍታቸውን ይቀቡ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግን ፈሳሹ ማስካራ ከነብሩሹ በአንድ ቀሰም ውስጥ ገብቶ ገበያ ላይ ዋለ። አዲሱ ዕቃ ከምራቁ ስላላቀቀ ይበልጥ ንጹሕ መስሎ ነበር። ነገር ግን ብሩሹ ሽፋሽፍቱን ነክቶ እንደገና ወደ ጨለማውና ወደ እርጥቡ ቀሰም ይመለሳል፤ ነገም እንዲሁ፥ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ከሽፋሽፍት ላይ የተነሣውን ሁሉ ይዞ ይገባል፤ በውስጡ የራባውን ሁሉ ይዞ ይወጣል።

በአትላንታ ከተማ የዓይን ሐኪሙ ሉዊስ ዊልሰንና የባክቴሪያ ሊቁ ዶናልድ አኸርን በ1970ዎቹ ይህን ነገር ዓመታት ተከታትለውታል። በ1971 ዓ.ም. የዓይን መዋቢያዎች በአገልግሎት ላይ ሳሉ እንደሚበከሉ አሳዩ። በ1977 ዓ.ም. ያሳተሙት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ሴቶች ማስካራ ሲቀቡ ብሩሹ አምልጦ ዓይናቸውን ጫረ፤ በዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፥ ኮርኒያ የሚባለው፥ ጥቂት ተላጠ። ይህ ብቻውን ቢሆን በአንድ ሁለት ቀን የሚድን ጭረት ነው። ነገር ግን በማስካራው ውስጥ አረንጓዴው ባክቴሪያ ነበረበት። ይህ ባክቴሪያ ኮርኒያን የሚያሟሟ ነገር ስለሚያመነጭ ጠዋት የጀመረ ሕመም በማግሥቱ ቁስል፥ ከዚያም ጠባሳ ይሆናል። ከእነዚያ ሴቶች መካከል እይታቸው ለዘለቄታው የተጎዳ ነበሩ። ወደ ሥራ ለመሄድ ተቻኩለው በመስተዋት ፊት በቆሙበት በአንዲት ደቂቃ ውስጥ የደረሰ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኩላችን አንድ ቃል ልናገር። ኩል ደረቅ ነውና እንደ ማስካራው ውስጥ የሚራባ ብዙ የለበትም፤ መኳያው ግን በእኅትማማቾችና በጓደኛሞች መካከል ሲዘዋወር እናያለን። ከዓይን ወደ ዓይን የሚሻገር በሽታ ከዚህ የተሻለ ድልድይ አያስፈልገውም። ይህን የምለው ኩልን ለመንቀፍ አይደለም፤ እያንዳንዷ የራሷን መኳያ ብትይዝ ወጪው ኢምንት ነውና ነው።

ከአትላንታው ጥናት በኋላ በተለይ የተፈለገው፥ ፋብሪካው ከሸጠው በኋላም ቢሆን፥ ብልቃጡ ራሱን እንዲጠብቅ ማድረግ ነበር። ይህም በማቆያ፥ ማለት እንዳይበላሽ በሚጨመር ቅመም የሚደረግ ነው። ከእነዚህ ዋናዎቹ ፓራቤን የሚባሉት ናቸው፤ በ1920ዎቹ ቴዎዶር ሳባሊችካ የተባለ በበርሊን የሚሠራ ሊቅ ለዚህ አገልግሎት አስተዋውቋቸዋል። ብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ወሬ አገለገሉ። በ2004 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በ20 የጡት ዕጢዎች ላይ በተደረገ ምርመራ የፓራቤን ቅሪት መገኘቱ ሲታተም ግን ታላቅ ፍርሃት ተነሣ። ጥናቱ ካንሰሩ የመጣው ከፓራቤን ነው አላለም፤ ወሬው ግን እንደዚያ ብሎ ተሰራጨ። ዴንማርክ በ2011 ዓ.ም. ሁለቱን ዓይነቶች ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት መዋቢያ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2014 ዓ.ም. አምስት ዓይነቶችን አገደ፥ የቀሩትን ግን በልክ ፈቀደ።

ፋብሪካዎቹም ፓራቤን የለበትም ብለው መጻፍ ጀመሩ፤ በምትኩም ብዙዎቹ ሌላ ማቆያ ጨመሩ። ከተተኪዎቹ አንዱ፥ ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የሚባለው፥ በብዙ ሰዎች ቆዳ ላይ ሽፍታና ማሳከክ አስነሥቶ ተቀብተው በማይታጠቡት መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓ ተከለከለ። እኔ እንደማየው ሰው ስሙን ማንበብ የቻለውን ቅመም ይፈራል፤ በዕቃው ላይ ስሙ ያልተጻፈውን ባክቴሪያ ግን አይፈራም። ማቆያ የለበትም ተብሎ በኩራት የሚሸጥ፥ ውሃም ያለበት ክሬም ባየሁ ጊዜ የማስበው የዊልሰንና የአኸርን ታማሚዎችን ነው።

ጉዳዩ የአለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ በ2006 ዓ.ም. በባርሴሎና ከተማ በአንድ ሐኪም ቤት የጽኑ ሕሙማን ክፍል አምስት ሰዎች ቡርክሆልዴሪያ ሴፓሲያ በሚባል ባክቴሪያ ተያዙ። ይህ ፍጥረት በ1950 ዓ.ም. ዋልተር ቡርክሆልደር የተባለ አሜሪካዊ የዕፀዋት በሽታ ሊቅ ሽንኩርት ሲያበሰብስ ያገኘው ነው፤ ሴፓሲያ የሚለውም ቃል ከላቲን የሽንኩርት ስም የመጣ ነው። የሽንኩርት በሽታ የአልጋ ቁራኛ ከሆነ ሰው ምን አገናኘው? መርማሪዎቹ ዙሪያውን ሁሉ ፈትሸው በመጨረሻ የታማሚዎቹ ገላ እንዳይደርቅ በሚቀቡት የሰውነት ሎሽን ውስጥ አገኙት። ገና ሲከፈት የተመረመረ ዕቃም ውስጥ ነበረበት። እንግዲህ የ1967ቱ የእጅ ክሬም ታሪክ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በሌላ ክፍለ ዓለም ተደገመ።

በቤት ስላለው ዕቃም የተጻፈ አለ። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የሚገኘው የአስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ጥናት በአገልግሎት ላይ የነበሩ 467 መዋቢያዎችን መርምረው ከመቶ 79 እስከ 90 የሚሆኑት ባክቴሪያ እንዳለባቸው አረጋገጡ። የባሰው ፊት መቀቢያ ስፖንጅ ነው። ከስፖንጆቹ ከመቶ 93ቱ አንድም ጊዜ ታጥበው አያውቁም፤ ከመቶ 64ቱ ደግሞ መሬት ላይ ወድቀው ተነሥተው እንደገና ያገለገሉ ናቸው። የዕቃው አከፋፈትም ለውጥ ያመጣል፤ በ1990 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ጥናት ማቆያ ሳይገባበት ለሰዎች በተሰጠ ሎሽን ላይ፥ ተጠምዝዞ የሚከፈተው ዕቃ በብዛት ሲበከል፥ ተጭነው የሚያወጡት በጥቂቱ ተበክሏል። ጣት የማይገባበት ዕቃ ከጣት የሚመጣውን አያገኝም።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ለአውሮፓ ገበያ በሚሠሩ በብዙ መዋቢያዎች ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ማሰሮ ተስሎ፥ በውስጡም ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው የፋብሪካ ምልክት ይመስለዋል። ቁጥሩ ዕቃው ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር ሊያገለግል እንደሚችል የሚነግር ነው፤ 12 ቢል ከተከፈተበት ቀን አንሥቶ አሥራ ሁለት ወር ማለት ነው። የከፈታችሁበትን ቀን በእርሳስ ጽፋችሁ ካልለጠፋችሁበት ግን ቁጥሩ ብቻውን አይረዳችሁም።

ሌላም በየቤታችን የሚደረግ አለ። ሻምፑ ወይም ሎሽን ሊያልቅ ሲል፥ ያዘነው ገንዘብ እንዳይባክን፥ ውሃ ጨምረን እንነቀንቀዋለን፤ የደረቀውንም ማስካራ እንዲሁ በጠብታ ውሃ እናረጥባለን። ቁጠባው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በብልቃጡ ውስጥ ያለው ማቆያ የተመጠነው ፋብሪካው ለጨመረው ውሃ ነው፤ እኛ ከቧንቧ ለጨመርንበት አልተመጠነም። ውሃ የጨመራችሁበት ሻምፑ በዚያው ቀን ተጠቅማችሁ የምትጨርሱት ይሁን፤ የደረቀውን ማስካራ ግን ጣሉት።